የሞላናቸው መዝገቦች የት ደረሱ?

ለጣና ሐይቅ ጥናትና ጥበቃ ኃላፊነት ለተሰጠው መሥሪያ ቤት፣
ግልባጭ፦ ለሐይቁ ለሚቆረቆር ሕዝብ ሁሉ

ክቡራን ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በጣና ሐይቅ ምሥራቅና ሰሜን ዳርቻ የምንኖር ዓሣ አስጋሪዎች፣ ገበሬዎች፣ የቤት እመቤቶችና መምህራን ነን። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ደመወዝ የሐይቁን ውሃ ስንለካ፣ ዓሣውን ስንመዘግብ፣ እምቦጭ የተባለውን የውሃ አረም ስንከታተል የኖርን 34 ሰዎች ነን። ባለፈው የካቲት ከመሥሪያ ቤታችሁ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። የበጎ ፈቃድ መረጃ አሰባሰቡ ከመጋቢት 1 ቀን ጀምሮ መቋረጡን፣ የተሰጡንን ዕቃዎች መመለስ እንዳለብን፣ ከእንግዲህ ክትትሉ በሳተላይት ምስልና በባለሙያ ብቻ እንደሚካሄድ ይገልጻል። ምክንያቱ በአንድ ሐረግ ተቀምጧል፤ «የመረጃው ጥራት አስተማማኝ ባለመሆኑ» ይላል።

ሰባት ዓመት ያገለገለ ሰው በአንድ ሐረግ ሊሰናበት አይገባም። በጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቅን፤ ሦስት ወር ጠበቅን። ሁለት ሰዎች መርጠን ወደ ቢሮ ላክን፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ሁለት ቀን ደጅ ጠንተው ተመለሱ። ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጣነው ከዚህ በኋላ ነው።

ሥራችን ምን እንደነበር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይኖርብናል። በየወሩ በ10፣ በ20 እና በ30 ቀን፣ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳ፣ በታንኳ ወደተመደበልን ቦታ እንቀዝፋለን። በእጃችን ጥቁርና ነጭ የተቀባ ክብ ሳህን አለ። በገመድ ታስሮ ወደ ውሃው ይወርዳል፤ ከዓይን የጠፋበት ጥልቀት ይጻፋል፤ ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ ዳግም የታየበትም ይጻፋል። የሁለቱ አማካይ ውሃው በዚያ ቀን ምን ያህል የጠራ ወይም የደፈረሰ እንደሆነ ይናገራል። መሣሪያውን አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ በ1865 እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ እንደሞከረው አሠልጣኞቻችን ነግረውናል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያለው ዘመን ከ150 ዓመት ይበልጣል፤ ሳህኑ ግን እስከ ዛሬ በባሕርም በሐይቅም አልተጣለም። ከእኛ መካከል በደሴት ገዳም የሚኖሩ አንድ አባት ነበሩ፤ የሴኪን ታሪክ ሲሰሙ «የካህን መሣሪያ ከሆነማ እኔም እይዘዋለሁ» ብለው አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ሳያጓድሉ ለክተዋል።

ከዚህ ሌላ የውሃ ከፍታ መለኪያው ዘንግ ላይ ያለውን ቁጥር በየጠዋቱ እናነባለን። ዓሣ ወደ ዳርቻ ሲወጣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቤዞ፣ ነጭ ዓሣ እያልን እንለያለን፤ ርዝመቱን እንለካለን፤ ሆዱ ሲከፈት እንቁላል መያዝ አለመያዙን እንጽፋለን። እምቦጭ የታየበትን ቦታና ስፋቱን ቀኑን ጠቅሰን እንመዘግባለን። ሥራው የተጀመረበትን ዘመን መንፈስ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከኦሮሚያ የተነሡ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» («ጣና የእኛ ነው») ብለው ረጅም መንገድ ተጉዘው መጥተው፣ ውሃው ውስጥ ገብተው በእጃቸው እምቦጭ ሲነቅሉ በዓይናችን አይተናል። ከሩቅ የመጣ ሰው እንዲህ ከሆነ፣ በሐይቁ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ምን ሊያደርግ ነው ብለን ተመዘገብን። መሥሪያ ቤታችሁም ያን ጊዜ «እናንተ የሐይቁ ዓይን ናችሁ» ብሎን ነበር።

ቅሬታችን ከመዝገቦቹ ይጀምራል። በሰባት ዓመት ውስጥ ሞልተን ያስረከብናቸው ደብተሮች ከ200 በላይ ናቸው። አንድ እንኳ ቅጂ አልተመለሰልንም። «ውጤቱን በዓመቱ መጨረሻ እንነግራችኋለን» ተብለን ነበር፤ ሰባት የዓመት መጨረሻ አለፈ። ዘንጉን የሚያነቡ አንድ የ60 ዓመት ገበሬ በየሦስት ወሩ ደብተር ሊሰበስብ የሚመጣውን ባለሙያ «ልጄ፣ ያ ቁጥር ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር። ልጁም ትሑት ነው፤ «ገና እየተተነተነ ነው አባቴ» ይላቸዋል። እርሳቸው ባለፈው ዓመት ዐረፉ፤ ያነበቡት ቁጥር ምን እንዳለ ሳይሰሙ።

በኋላ ደግሞ በመሥሪያ ቤታችሁ አማካይነት በውጭ ቋንቋ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በኩል እጃችን ገባ። ተማሪው ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ተረጎመልን። የውሃውን መደፍረስ የሚያሳዩት ሥዕሎች የተሠሩት በእኛ ልኬት ነው፤ ቀኖቹ 10፣ 20 እና 30 ናቸው፤ ቦታዎቹም የእኛ ቦታዎች ናቸው። በጥናቱ መጨረሻ ላይ ገንዘብ የሰጡ ተቋማት ተመስግነዋል፤ ባለሙያዎች በስም ተጠቅሰዋል። እኛን የሚመለከት አንድ መስመር አላገኘንም። «በመስክ የተሰበሰበ መረጃ» የሚል ቃል ብቻ አለ። የሰበሰበው ማን ነው? ሲጠቅም የጥናት መሠረት የሆነ ቁጥር፣ እኛን ለማሰናበት ሲፈለግ «አስተማማኝ ያልሆነ» እንዴት ሊባል ቻለ? ይህን ጥያቄ በአክብሮት እናቀርባለን፤ መልሱን ግን አጥብቀን እንፈልጋለን።

ዓሣ አስጋሪ ለሳይንስ ያደረገውን ነገር በስሙ መመዝገብ አዲስ ልማድ አይደለም። በ1938 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ ዳርቻ ከዘመናት በፊት ጠፍቷል ተብሎ የታመነ ሲላካንት የተባለ ዓሣ በአጥማጆች መረብ ተገኘ። ሁለተኛውን ለማግኘት ስሚዝ የተባለው ሊቅ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻዎች የ100 ፓውንድ ሽልማት የሚያስነግር ወረቀት በተነ። በ1952 እ.ኤ.አ. በኮሞሮስ ደሴቶች ያገኘው አህመዲ አብደላ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ነበር። ሽልማቱ ተከፈለው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ከዓሣው ታሪክ ጋር ይነሳል። የደሴቶቹ ሰዎች ዓሣውን ሊቃውንቱ ከማወቃቸው አስቀድሞ በራሳቸው ስም ይጠሩት እንደነበርም ያን ጊዜ ታወቀ። እኛ ሽልማት አልጠየቅንም። የለካነውን ነገር እንድናውቅ፣ መለካታችንም እንዲታወቅ ነው የጠየቅነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ይኸው የጥራት ነገር ነው። እኛ ስህተት አልሠራንም አንልም። በ2012 ዓ.ም. ከመካከላችን አንዱ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ሐይቁ ሳይወርድ ቤቱ ተቀምጦ ቅጹን ሞልቶ ነበር። ያገኘነው እኛው ነን። ጎረቤቱ የለካው ውሃ በዝናብ ምክንያት ደፍርሶ ሳለ የእርሱ ደብተር ላይ ውሃው የጠራ ሆኖ ስላየን ጠየቅነው፤ አመነ፤ ከሥራው ተሰናበተ። የሁለቱን ወር ቁጥር እንድትሰርዙ በደብዳቤ ያሳወቅናችሁም እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሰው እንዲለካ፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ እንዲጽፍ በራሳችን ስብሰባ ወስነናል። የሁለቱን ደብተር አነጻጽሮ ጥራታችንን መመዘን ለባለሙያ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ተመዝነን ጎደላችሁ ብንባል አንገታችንን ደፍተን እንቀበል ነበር። እስከምናውቀው ድረስ ግን የመዘነን የለም።

ይህ ዓይነት ምዘና በሌላ አገር ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። በአዊ ዞን በዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሽታ በምትባል ቀበሌ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች ዝናብን፣ የወንዝን ከፍታና የጉድጓድን ውሃ ሲለኩ ቆይተዋል። ከእንግሊዝ አገር ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎችና የኢትዮጵያ ባልደረቦቻቸው የገበሬዎቹን ልኬት ከመደበኛ ጣቢያዎች መረጃ ጋር አስተያይተው፣ በሕዝብ የተለካው ከመደበኛው የማይተናነስ መሆኑን በሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል። የዚያ ወረዳ ውሃ በከፊል ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያም ወደ ጣና ነው የሚወርደው። አንድ ሐይቅ ላይ የሚደርስ ውሃ ከላይ ሲለካ ተአማኒ ከሆነ፣ ከታች ሲለካ የማይታመንበትን ምክንያት ልናገኘው አልቻልንም።

ሳተላይትን በተመለከተ፣ እኛ የመሣሪያ ጠላቶች አይደለንም። ከላይ የሚታየውን ከላይ ማየት መልካም ነው። ነገር ግን በነጻ ከሚገኙት ምስሎች ከሁሉ የተሻለው እያንዳንዱ ነጥቡ የሚሸፍነው 10 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ የሌላው 30 ሜትር በ30 ሜትር ነው። እምቦጭ ሲጀምር መሶብ ታክላለች፤ በደንገሉ መካከል ተደብቃ ትቀመጣለች። በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ልትሆን የምትችል አረም ናትና፣ በምስል ላይ እስክትታይ ድረስ ከተጠበቀ በሰው እጅ የሚነቀልበት ጊዜ አልፏል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ አረሙ የሚስፋፋው በክረምት ነው፤ በክረምት ጣና በደመና ስር ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም በብርሃን የሚያነሳ ካሜራ ከሰማይ ሆኖ ሐይቁን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። እኛ ግን ከደመናው በታች ነን።

ባለሙያን በተመለከተም አንድ እውነት እንናገር። በክልላችን በደረሰው የጸጥታ ችግር ምክንያት በ2016 ዓ.ም. መንገድ በተዘጋባቸው ወራት አንድም ባለሙያ ወደ እኛ ሊደርስ አልቻለም። በዚህ ማንንም አንወቅስም። ስልክ በሌለበት፣ ገበያ በተቋረጠበት፣ ሰው ልጁን ከቤት ማስወጣት በፈራበት ጊዜ ግን ዘንጉ በየጠዋቱ ተነብቧል። ደብተሮቹን በጤፍ ጆንያ ውስጥ ደብቀን አቆይተን መንገዱ ሲከፈት አስረከብን። የዚያ ዓመት መረጃ በእጃችሁ ካለ ያለው በእኛ በኩል ብቻ ነው። የወረቀቱ ዋጋ ባይታወቅ፣ ወረቀቱን ለማዳን የተከፈለው ዋጋ ይታወቅ።

ያሳወቅነው ነገር ሰሚ ስለማጣቱም መናገር አለብን። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ከአባሎቻችን አንዷ፣ ውሃ ልትቀዳ በወረደችበት ጠባብ ወሽመጥ ውስጥ የአንድ አውድማ ያህል እምቦጭ አየች። በዚያው ቀን ቅጹን ሞላች፤ በስልክም አሳወቀች። 20 ሰው ቢመጣ በሁለት ቀን ተነቅሎ የሚያልቅ ነበር። መልስ ስናጣ ራሳችን ልንነቅለው ተነሣን፤ «ያለ ባለሙያ አትንኩት፣ ተቆርጦ ይበተናል» ተባልን። ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ባለሙያው ግን አልመጣም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ሲታወጅ ያ ወሽመጥ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ ነበር። ከብት ወደ ውሃው መድረስ አቃተው፤ ታንኳ ከዳርቻ መላቀቅ ተሳነው። በዘመቻው ወቅት የተነቀለውም በቂ ቦታ ሳይዘጋጅለት ሐይቁ ዳር ተከመረ። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት ሊቆይ እንደሚችል እናንተ ናችሁ ያስተማራችሁን፤ ክምሩ በሚቀጥለው ክረምት ጎርፍ ሲመጣ ተመልሶ ወደ ሐይቁ እንደሚገባ ጽፈን አሳውቀን ነበር። ገባ። በደምቢያም፣ በጎንደር ዙሪያም፣ በሊቦ ከምከምም፣ በፎገራም ያለ ገበሬ የሚያውቀው ነገር ነው።

አሁን ወደምንጽፈው ነገር የምንደርሰው በከባድ ልብ ነው። ብዙዎቻችን በዚህ ጉዳይ ላይ ሌሊት ተጨቃጭቀናል፤ ይጻፍ ያልነውም ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ነው።

ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም ከምንጠራው ውስጥ ሳይንስ 15 ያህል በጣና ብቻ የሚገኙ ዝርያዎችን ለይቷል። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የላቸውም። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ክረምት ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ ላይ በብዛት ስለሚሰበሰቡ ማንም መረብ ዘርግቶ ሊጠርጋቸው ይችላል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሥር ዓመት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ቁጥራቸው በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሱ ተጠንቷል፤ ዋናው ምክንያትም ይኸው እንቁላል ሊጥል የሚወጣውን ማጥመድ እንደሆነ ተነግሮናል። ይባስ ብሎ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው በወንዙ ላይ የሚበትኑ አሉ፤ ትንሹም ትልቁም ዓሣ ሰክሮ ይንሳፈፋል። የዓሣ ሀብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 315 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ወንዙ አፍ ላይ ግን አዋጁን ይዞ የሚቆም ሰው የለም። ስለዚህ ቅጻችን ላይ «ሕገ ወጥ ማስገር» የሚል ዓምድ ተጨመረና እንድንሞላው ተጠየቅን። ስማችን በምስጢር እንደሚያዝ ቃል ተገባልን።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አንድ አባላችን ወንዙን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ መረብ አየ። ብርብራ የተወቀጠበትንም ሙቀጫ አየ። ቦታውን፣ ቀኑንና ያያቸውን ሰዎች ጽፎ አስረከበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰዎቹ የዚያኑ ቅጽ ቅጂ በእጃቸው ይዘው ቤቱ ድረስ መጡ። በገዛ እጁ ጽሑፍ የተጻፈውን፣ ስሙና ፊርማው ያለበትን ወረቀት አሳዩት። መረቡ ተቆራረጠ፤ ታንኳው ተቃጠለ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ዘመድ ቤት ተጠጉ፤ እርሱ ዛሬ በከተማ የቀን ሥራ ይሠራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ከሐይቁ ሌላ የሚያውቀው ኑሮ የለም። ወረቀቱ ከመሥሪያ ቤታችሁ እንዴት እንደወጣ ጠየቅን፤ «እናጣራለን» ተባልን። ይኸው እስከ ዛሬ አልተጣራም። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «አይዞህ» አላለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ዓምድ የሚሞላ ጠፋ። ማንም ደፍሮ አይጽፍም፤ ልንፈርድበትም አንችልም። በቀጣዩ ዓመት በተደረገ አንድ የወረዳ ስብሰባ ላይ ግን «በበጎ ፈቃደኞች መረጃ መሠረት ሕገ ወጥ ማስገር ቀንሷል» ተብሎ ሲነበብ ከመካከላችን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ሰምተዋል። ክቡራን ኃላፊዎች፣ የቀነሰው ማስገሩ አይደለም። የቀነሰው የሚናገር ሰው ነው። በፍርሃት የቀረ ባዶ ዓምድ እንደ መልካም ዜና ሲነበብ መስማት ከታንኳው መቃጠል በላይ አሳምሞናል።

ስለ ደኅንነታችን ደግሞ በአጭሩ። በሰባት ዓመት ውስጥ ለ34 ሰው አራት ላይፍ ጃኬት ተሰጥቶናል፤ ሁለቱ ተቀድደዋል። በ2013 ዓ.ም. ነፋስ ታንኳ ገልብጦበት አንድ ወጣት ሁለት ሰዓት ደንገል ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ተርፏል። የሕክምናውን ወጪ በመዋጮ ሸፈንን። በእምቦጭ ውስጥ እየገቡ ስፋቱን የሚለኩት እጅና እግራቸው ይቆስላል፤ ቢልሃርዚያና ወባም የዳርቻው ነዋሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው። ቦት ጫማና የዓመት ምርመራ ጠይቀን ነበር፤ በጀት የለም ተባልን።

ሴቶቹና የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም አሉ። ውሃው ዳር በየቀኑ የሚውሉት ሴቶች ናቸው፤ በወሽመጡ ውስጥ እምቦጩን ያየችው ሴት እንደነበረች ከላይ ጽፈናል። ነገር ግን ሥልጠና ሲኖር የሚጠራው «አባወራው» ነው። ሁለት ሥልጠናዎች ላይ ለክተው የማያውቁ ባሎች ሄደው አበል ተቀብለው መጥተዋል፤ ለኪዎቹ ሚስቶች ቤት ቀርተዋል። ታንኳ የሚሠሩ፣ ደንገል የሚያጭዱ፣ ሐይቁን ከማናችንም ቀድመው የሚያውቁ የነገደ ወይጦ ሰዎች ደግሞ ከጅምሩ ወደ ሥራው የገቡት ሁለት ብቻ ናቸው። እነርሱንም የጨመርናቸው እኛ ነን። ውሃው የሸሸበትን ቦታ፣ ደንገሉ የጠፋበትን ዘመን ከእነርሱ የበለጠ የሚነግራችሁ የለም። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ወርዶ ጀልባዎች መሄድ ባቃታቸው ጊዜ ብዙ ደንገል ደርቆ ቀርቷል። ያ ደንገል የት የት እንደነበር በጣታቸው ሊያሳዩ የሚችሉ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የጠየቃቸው ግን የለም።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ፣ የአካባቢው ሕዝብ በጥበቃው ተሳታፊ እንደሚሆን ተነግሮን ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 92ም ሕዝብ እርሱን በቀጥታ በሚመለከቱ የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመስጠትና የመመካከር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አካባቢን መጠበቅም የመንግሥትና የዜጎች የጋራ ግዴታ እንደሆነ በዚያው አንቀጽ ተጽፏል። የየካቲቱ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት ከእኛ ጋር የተመካከረ የለም። ግዴታችንን ስንወጣ ቆይተናል፤ መብታችን ሲነካ ግን የደረሰን አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

ይህን ስንጽፍ ሰኔ ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወንዞቹ ይሞላሉ፤ ነጭ ዓሣው መውጣት ይጀምራል፤ እምቦጩም ይነሣል። ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ነገር ጊዜ የማይሰጥ ነው።

የማቋረጡ ውሳኔ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይነሣ፤ ቢያንስ ጥራታችን ተመዝኖ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ይታገድ። የሁለት ሁለት ሰው ልኬቶቻችን ይነጻጸሩ፤ ጉድለት የተገኘበት ይሠልጥን ወይም ይሰናበት፤ ነገሩ ሁሉ በፊታችን ይሁን።

ያስረከብናቸው ደብተሮች ቅጂ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ትምህርት ቤት ይሰጥ። በሰባት ዓመት ውስጥ የተገኘው ውጤት በአማርኛ ተጽፎ፣ ባለሙያ መጥቶ በዳርቻው ላይ በሕዝብ ፊት ያስረዳን። ቢሮ ጠርታችሁ ሳይሆን እዚህ መጥታችሁ ንገሩን። ከዚህ በኋላ በእኛ ልኬት የሚሠራ ማንኛውም ጥናት የለካው ማን እንደሆነ ይጻፍበት፤ የቡድናችን ስም ይበቃል።

የአባላችን ቅጽ እንዴት ከእጃችሁ እንደወጣ ገለልተኛ በሆነ አካል ይጣራ፤ ለጠፋበት ታንኳና መረብ ካሣ ይከፈለው፤ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ዋስትና ይሰጠው። ሕገ ወጥ ማስገርን የሚመለከተው ጥቆማ ከሌላው ቅጽ ተለይቶ ያለ ስም የሚቀርብበት መንገድ ይዘጋጅ። ይህ እስኪሆን ድረስ ያንን ዓምድ አንሞላም፤ ባዶነቱንም «ቀንሷል» ብሎ የሚያነብ እንዳይኖር ከአሁኑ እናሳስባለን።

ወደ ውሃ ለሚገባ ሁሉ ላይፍ ጃኬትና ቦት ጫማ ይሰጥ፤ በዓመት አንድ ጊዜ የጤና ምርመራ ይደረግለት። ለሥልጠና በስሙ የሚጠራው የሚለካው ሰው ይሁን፤ የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎችና ሴቶች ስለ ሐይቁ የሚያውቁት በሥርዓት ይመዝገብ።

እስከ ሰኔ 30 ቀን ድረስ የጽሑፍ መልስ እንጠብቃለን። ሳህኖቹንና ገመዶቹን እንድንመልስ ታዘናል፤ አልመለስንም። መልሳችሁ እስኪመጣ ድረስ በ10፣ በ20 እና በ30 ቀን መለካታችንን እንቀጥላለን። ደብተሩን የምንገዛው ከራሳችን ኪስ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በጣና ሐይቅ ምሥራቅና ሰሜን ዳርቻ የ34 በጎ ፈቃደኛ ውሃ ለኪዎችና ዓሣ መዝጋቢዎች ተወካዮች፦

የቡድኑ ጸሐፊና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር፣
የዓሣ አስጋሪዎች ተወካይ፣
የሴት ለኪዎች ተወካይ፣
የውሃ ከፍታ ዘንግ አንባቢዎች ተወካይ